የአርባ አንድ ቁጥር አንሶላ

እማማ ሳሙና የሚለውን ስም ያወጡላት ልብሳቸውን የምታጥብላቸው ልጆች ናቸው። ሠላሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላት «እማማ» ተባለች፤ እሷም ስሙን እንደ ሹመት ተቀበለችው። ባሏ የቀን ሠራተኛ ነበር። ከአንድ ጅምር ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ወድቆ ሲሞት ልጃቸው ገና ጡት አልጣለም። የባሏ ዘመዶች እንባቸው ሳይደርቅ አልጋውንና ቁም ሣጥኑን ተሸክመው ሄዱ። «እኔንም እንዳይሸከሙኝ ስፈራ፣ ለካስ የሚፈለግ ዕቃ አልነበርኩም» ትል ነበር ይህን ስታወራ፣ እየሳቀች።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ራሷ ናት። በመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት ግድግዳ የተጋራን ጎረቤታሞች ነበርን። ከእኔ ሌላ የሚያዋራት ሰው ስላልነበረ ብዙ ነገረችኝ፤ አንዳንዱን ሁለት ሦስት ጊዜ።

በዚያ በባዶ ቤት ዘመኗ በር ከፍቶ ያስገባት ጋሼ ነው። ከተማው ዳር፣ በግንብ የታጠረ፣ መቶ ሃያ ወላጅ አልባ ልጆች የሚያድጉበት አዳሪ ቤት ነበር፤ ሰዉ «ትልቁ ግቢ» ይለዋል። የግቢውን ኃላፊ ከዘበኛው እስከ ከንቲባው ድረስ ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚለው። በከተማው ውስጥ ስንትና ስንት ጋሼ አለ፤ «ጋሼ ይፈልግሃል» ከተባለ ግን የትኛው ጋሼ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ረጋ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ የመቶ ሃያውንም ልጆች ስም በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነበር። ሚስት አላገባም። «መቶ ሃያ ልጅ ያለው ሰው ከዚህ በላይ ምን ቤተሰብ ይፈልጋል?» ይላል፤ እንግዶችም ይስቃሉ፤ ከሳቁም በኋላ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

ጋሼ የልብስ ማጠቢያውን ሥራ ሰጣት። ከማጠቢያው ጀርባ ያለችውንም አንዲት ክፍል ጨመረላት። ልጇ ስድስት ዓመት ሲሞላው ደግሞ ከግቢው ልጆች ጋር እንዲቆጠር ፈቀደ፤ አልጋ፣ ደብተር፣ ጫማ፣ በዓመት ሁለት ሹራብ።

«ግን እዚያው ከእነሱ ጋር ይተኛል» አላት። «እናት በሌላቸው ልጆች መሃል እናት ይዞ መታየት ደግ አይደለም። ሆድ ይብሳቸዋል።»

እሷም «እንዴት ያለ አስተዋይ ሰው ነው» አለች። ልጇን የምትጠራው «ጭራዬ» እያለች ነበር፤ ቀሚሷን ይዞ ከኋላዋ ስለማይጠፋ። በሚቀጥለው ሰኞ እጁን ይዛ መኝታ ቤት ሦስት አስገባችው። እሱ አለቀሰ፤ እሷ አላለቀሰችም። አልጋው የራሱ ትራስ እንዳለው ስታይ ደስ ብሏት ነበር። እሷ በልጅነቷ ከአራት እህቶቿ ጋር በአንድ ፍራሽ ነው ያደገችው።

የማጠቢያ ቤቱ ሥራ ቀላል አልነበረም። ሦስት የሲሚንቶ ገንዳ፣ አንድ የብረት በርሜል፣ ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረ የማስጫ ሽቦ። እያንዳንዱ አንሶላ ጥጉ ላይ በቀይ ክር የተሰፋ ቁጥር አለው፤ የሰፋችው እሷ ናት። መኝታ ቤት አንድ ሰኞ፣ ሁለት ማክሰኞ፣ ሦስት ረቡዕ ይታጠባል። ጥቂት ዓመት ስትቆይ ልጆቹን ከፊታቸው ይልቅ በአንሶላቸው ነበር የምታውቃቸው። ማን እንዳተኮሰው፣ ማን ነስር እንዳለበት፣ ማን ዳቦ ከትራሱ ሥር ደብቆ እንደሚተኛ። ደም በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚለቀው፤ በሙቅ ከነካሽው ይበስልና እዚያው ይቀራል። ይህን አዲስ ለመጡት አጣቢዎች ሁሉ ታስተምር ነበር።

የሚያስተምሩት ነገር ብዙ ነበራ። አንዳንድ አንሶላዎች፣ ሁልጊዜ የእነዚያው የጥቂት ልጆች፣ ተጠቅልለው፣ ተቋጥረው፣ ከሌላው ሥር ተደብቀው ይመጣሉ። ስትፈታቸው የምታየው የነስር አይደለም። አንድ ቀን አንዱን ይዛ ወደ ዋናዋ ሞግዚት ሄደች። ዋናዋ ሞግዚት ወገቧ ላይ የሚንቋቋ የቁልፍ ዘለላ የታጠቀች፣ ስትመጣ ከሩቅ የምትሰማ ሴት ነበረች፤ ልጆቹ «ቁልፌ» ይሏታል።

ቁልፌ አንሶላውን አየችው፤ አጠፈችው፤ መልሳ አስታቀፈቻት።

«አንቺ እጠቢ» አለቻት። «ማንበብ የአስተማሪ ሥራ ነው።»

አጠበች። ከዚያ ቀን በኋላም አጠበች።

ልጇ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው የእሱ አንሶላ፣ አርባ አንድ ቁጥር፣ እርጥብ ሆኖ ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ በወር አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በየሳምንቱ። ሌሎቹ አጣቢዎች «የእማማ ሳሙና ልጅ ዋና ተማረ» እያሉ ይስቁባታል። አፈረች። የሌላ ሰው ልጅ አንሶላ ሲያረጥብ አዝና የምታጥበው ሴት የራሷን ልጅ ግን በእርጥብ ፎጣ ገረፈችው። ፎጣው ሰንበር አይተውም፤ ይህንንም ታውቅ ነበር።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ሲመለስ ወደ ማጠቢያ ቤቱ ጠርታ የራሱን አንሶላ እጁ ላይ አደረገችለት። «እስቲ አንተ እጠበው፣ ምን እንደሚመስል እየው» አለችው።

ልጁ አንሶላውን ገንዳው ውስጥ ከተተ። ከዚያ ጀርባውን እንደሰጣት፣ «ጋሼ ይጠራኛል» አለ።

«ማን?»

«ጋሼ። ሐሙስ ሐሙስ። ቢሮው። በሩን ይቆልፈዋል።»

ከዚያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስም የማያውቅለትን ነገር፣ በሚያውቃት ትንሽ ቃል ሊነግራት ጀመረ። አላስጨረሰችውም። «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ይባላል፤ እሷ ሁለቱንም ጥሬ ነው ብላ ጣለችው። ሳሙና በነካው እጇ በጥፊ መታችው። ሳሙናው ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ሲያሸው፣ ጆሮውን ይዛ ግቢውን አቋርጣ ወሰደችው። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ቆመው አዩ። አንዳቸውም አልሳቁም። ያን ጊዜ «እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች» ብላ ነበር።

የጋሼ ቢሮ ንጹሕ ነበር። በመስታወት የተዘጋ መደርደሪያ፣ ከትላልቅ ሰዎች ጋር የተነሳቸው ፎቶዎች፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ብልቃጥ ከረሜላ። ልጁን ምንጣፉ ላይ አንበረከከችው።

«ይቅርታ በል!»

ልጁ አቀረቀረ።

«ጋሼ፣ አፌ አይችለውም፤ ስለ እርስዎ የማይነገር ነገር እየተናገረ ነው። ያጎረሰኝን እጅ እንዲነክስ አላሳደግኩትም። በል ይቅርታ በል አልኩህ!»

«ይቅርታ» አለ ልጁ፣ ለምንጣፉ።

ጋሼ አልተቆጣም። ከወንበሩ ተነስቶ መጣና የልጁን ራስ ደባበሰ። «ልጅ ነው፤ ተይው። አባት የሌለው ልጅ ብዙ ነገር ያልማል» አለ። «አንቺ ሂጂ፣ ሥራሽ ይጠብቅሻል። እኔና እሱ እንነጋገራለን።»

እጅ ነስታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ጥቂት እንደተራመደች ከኋላዋ ቁልፉ ሲዞር ሰማች።

«ሰምቻለሁ» አለችኝ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በረንዳችን ላይ ተቀምጠን። «ሰምቼ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? ‹ተመስገን፣ ይመክርልኛል› አልኩ።»

ከዚያ ሳምንት በኋላ አርባ አንድ ቁጥር ንጹሕ ሆኖ ይመጣ ጀመር። ልጁ ጠዋት ከደወሉ በፊት ተነስቶ ቧንቧው ሥር ራሱ ያጥበው እንደነበር ያወቀችው ዘግይታ ነው። ያኔ ግን ለአጣቢዎቹ በኩራት «አያችሁ? የወንድ ምክር ሌላ ነው» ትላቸው ነበር። ልጇ ማውራት አቆመ፤ «ጨዋ ሆነ» አለች። ቀሚሷን መያዝ ተወ፤ «አደገ» አለች። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከግቢው ወጥቶ ብረት በያጅ ዘንድ ሥራ ተማረ፤ በሩንና መስኮቱን፣ የግቢ መዝጊያውን የሚሠራ ጎበዝ በያጅ ሆነ። ሲያገባ አልነገራትም። ልጅ ሲወልድም ከሰው ነው የሰማችው። «ሥራ በዝቶበት ነው» ትላለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ግቢው ከገባች ሠላሳ አንድ ዓመት አለፈ።

ጋዜጠኛዋ የመጣችው እማማ ሳሙና ጡረታ ልትወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሯት ነው። ቀጠን ያለች፣ ጫማዋ የተበላ፣ ትከሻዋ ላይ ከራሷ የሚከብድ ቦርሳ ያንጠለጠለች ልጅ ነበረች። ከአንድ ባልደረባዋ ጋር ስምንት ወር ሙሉ የትልቁን ግቢ የድሮ ልጆች ስትፈልግ ከርማለች። ግማሹ በር ዘግቶባታል፤ አንዱ ውሻ ለቆባታል፤ አሥራ አንዱ ግን ተናግረዋል። አሁን የቀራት ከግቢው ውስጥ የሚናገር ሰው ነው። አንድ ቅዳሜ እማማ ሳሙና አውቶቡስ ስትጠብቅ አጠገቧ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ትልቁ ግቢ ነው የሚሠሩት?»

«ምነው፣ ልጅ ልታስገቢ ነው?»

«ጋዜጠኛ ነኝ።»

እማማ ሳሙና ዘንቢሏን ወደ ራሷ ሳበች። «ስሚ፣ ልጄ፣ ጋሼን አትንኪብኝ። ሰው የጣለኝን አንስቶኛል።»

«ስለ ጋሼ እኮ አልጠየቅኩዎትም» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

 አውቶቡሱ መጣ፤ እማማ ሳሙና አልተሳፈረችም። ለምን እንዳልተሳፈረች እስከ መጨረሻው አላወቀችም። አውቶቡሱ ሲሄድ ጋዜጠኛዋ ደብተሯን ከፈተች።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። አንሶላዎቹ ቁጥር ነበራቸው?»

«በቀይ ክር። እኔ ነኝ የሰፋሁት።»

«ያናገርኳቸው ሰዎች ስማቸው እንዲጻፍ አይፈልጉም። በቁጥራቸው ነው የመዘገብኳቸው። ላንብብልዎት?» መልስ ሳትጠብቅ ማንበብ ጀመረች። «አሥራ ሁለት። አሥራ ሰባት። ሠላሳ ሦስት...»

እማማ ሳሙና ቁጥሮቹን ታውቃቸዋለች። ተቋጥረው የሚመጡት ናቸው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለማንም ያልነገረችውን ዝርዝር ይህች የማታውቃት ልጅ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ታነብላታለች። ሠላሳ ስምንት ላይ ስትደርስ ልጅቷ ገጽ ልትገልጥ ቆም አለች፤ ያን ጊዜ እማማ ሳሙና ሳታስበው፣ ተራውን እንደሚሞላ ሰው፣ «አርባ አንድ» አለች።

ጋዜጠኛዋ ቀና አለች። ቀጣዩ ገጽ ላይ የተጻፈው እሱ ነበር።

«አርባ አንድን ያውቁታል?»

«እንዴት አላውቀው? እናቱ ነኝ።»

ልጅቷ ደብተሯን ዘጋች።  ከዚያ፣ መናገር እንደሌለባት እያወቀች ይመስላል፣ «እናቴ ሞታለች ነው ያለኝ» አለች።

በማግስቱ ሳይሆን በሦስተኛው ቀን እማማ ሳሙና ወደ ልጇ ሥራ ቦታ ሄደች።  በያጁ ጭምብሉን አጥልቆ አንድ የመስኮት ፍርግርግ ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር። የብየዳውን ብርሃን እያየች ቆመች፤ አንድ ሠራተኛ «እማማ፣ ዓይንዎን ያጠፋዋል፣ አይዩት!» ብሎ ጮኸባት። ልጇ ጭምብሉን አነሳ። አያት። መሣሪያውን አስቀመጠ።

«ምን ፈለግሽ?»

«አላወቅኩም ነበር፣ ጭራዬ። እግዜር ምስክሬ ነው፣ አላወቅኩም።»

«ነግሬሽ ነበር።»

«ልጅ ነበርክ፤ እኔ ደግሞ...»

«ነግሬሽ ነበር» አለ እንደገና፣ ድምፁን ሳይለውጥ። «ከነገርኩሽ በኋላ ሰባት ዓመት እዚያ ኖሬያለሁ። ለሌላ ሰው ያልተናገርኩት ለምን ይመስልሻል? እናቴ ካላመነችኝ ማን ያምነኛል ብዬ ነው።»

ልትነካው እጇን ዘረጋች። ወደ ኋላ አላፈገፈገም፤ ዝም ብሎ እጇን አየው፤ እሷ ራሷ እጇን መለሰች።

«ምን ላድርግልህ?»

«ለጋዜጠኛዋ የምታውቂውን ሁሉ ንገሪያት። ለእኔ ብለሽ አይደለም። ለእናትነት አልፈልግሽም፤ ለምስክርነት ነው የምፈልግሽ።» ጭምብሉን መልሶ አጠለቀ። «እዚህም ድጋሚ አትምጪ። ሠራተኞቼ እናት እንደሌለኝ ነው የሚያውቁት።»

ነገረቻት። ለሦስት ቀን፣ በየከሰዓቱ፣ የድሮ ጋዜጣ እስከ ጣሪያ በተከመረባት ጠባብ ቢሮ ውስጥ፣ መቅረጫው ፊት ተቀምጣ ነገረቻት። የትኛው ቁጥር በየትኛው ዓመት፣ ምን ያህል ጊዜ፤ ቁልፌ ምን እንዳለች፤ ሐሙስ ሐሙስ ማን ማን እንደሚጠራ። ሦስተኛው ቀን ላይ ልጇን ጆሮውን ይዛ ወደ ጋሼ ቢሮ የወሰደችበት ጋ ስትደርስ ጋዜጠኛዋ መቅረጫውን አጠፋችው።

«እማማ፣ ይህን ባንጽፈውስ? ሌላው ይበቃናል። ሰው ይጨክንብዎታል።»

«አብሪው» አለቻት። «እሱ ሲነግረኝ እኔ አጥፍቼበት ነበር።»

ጽሑፉ በሦስት ተከታታይ ቀናት ወጣ። ጋዜጣው በጠዋት አለቀ፤ ሰው ከሰው እየተዋሰ አነበበው። ዋና አዘጋጁ የመጀመሪያውን ቀን ርዕስ የመረጠው ከእማማ ሳሙና ታሪክ ነበር፤ ጋዜጠኛዋ ተከራክራ አልቻለችም። ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ጋሼ ንጹሕ ነው፣ ስሙን ያጠፉት ምቀኞች ናቸው አለ፤ ግማሹ ይሰቀል አለ። ሁለቱ ወገኖች የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእሷ። ለጋሼ ወዳጆች ጡት ነካሽ ሆነች፤ ለጋሼ ጠላቶች ልጇን በገዛ እጇ ያስረከበች አውሬ። ዳቦ ስትገዛ ሻጭዋ እጇን ላለመንካት ዳቦውን ባንኮኒው ላይ ወረወረችላት። አንድ ሰው ጋዜጣውን ቀድዶ በሯ ላይ ለጠፈው። ጋሼ በር ላይ ግን ምንም አልተለጠፈም፤ ዘበኛ ነበረው።

በሳምንቱ ቁልፌ ሁለት ዘበኛ አስከትላ ከክፍሏ ልታስወጣት መጣች።

«እኅቴ» አለቻት እማማ ሳሙና ልብሷን እየጠቀለለች፣ «አንቺም እኮ ታውቂ ነበር። ሄጄ አሳይቼሻለሁ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለች ቁልፌ። «እኔ አንሶላ አላጠብኩም።»

ጥቂት ቆይቶ ፖሊስ ጋሼን ሲያስረው ግቢውን በጊዜያዊነት እንድትመራ የተሾመችው ቁልፌ ናት። በቴሌቪዥን ቀርባ አለቀሰች። ልቅሶው ያምርባታል።

ጋሼም ብዙ አልታሰረም። ልቡን ታመመና ሆስፒታል ገባ፤ ከዚያ በዋስ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደራረበ። በስምንተኛው ቀጠሮ እማማ ሳሙና ቃሏን እንድትሰጥ ተጠራች። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ልጇ ከፊት ረድፍ፣ ከሌሎቹ አሥር ሰዎች ጋር ተቀምጧል። ጋሼ በተሽከርካሪ ወንበር፣ ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጎ፣ ፈገግ ብሎ ያያታል፤ እንደ ድሮው። ያየችውን ሁሉ ሳትንተባተብ ተናገረች። ከዚያ የጋሼ ጠበቃ ተነሳ። ወጣት ነው፤ ጨዋ አነጋገር ነበረው።

«እናቴ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ልጅዎ ይህን ነገር በነገረዎት ቀን አመኑት?»

«አላመንኩትም።»

«ልጅዎን ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቀው ሰው ነበር?»

«አልነበረም።»

«እንግዲህ» አለ ጠበቃው ወደ ዳኞቹ ዞሮ፣ «ወልዳ ያሳደገችው እናቱ ያላመነችውን፣ ፍርድ ቤቱ ከሃያ ዓመት በኋላ ለምን ይመን?»

ከፊት ረድፍ አንድ ወንበር ሲጢጥ አለ። ልጇ ተነስቶ ወጣ። በሩን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። እሷ «ዳኞች፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ እሱ አልዋሸም!» ብላ ጮኸች፤ «ጥያቄ ሲጠየቁ ብቻ ይመልሱ» አሏት።

ፍርዱ አልደረሰም። ጋሼ በዘጠነኛውና በአሥረኛው ቀጠሮ መካከል አልጋው ላይ፣ ተኝቶ እንዳለ ሞተ። መዝገቡ ተዘጋ። ቀብሩ ላይ የነበረውን ሰው ብዛት በዓይኔ አይቻለሁ፤ መንገድ ተዘግቶ ሥራ አርፍጄ ገብቻለሁ። ከአሥራ አንዱ ሰዎች አንዱም «ጥፋተኛ ነው» የሚል ቃል ከዳኛ አፍ አልሰማም።

ከእኔ ጎን ያለውን ክፍል የተከራየችው በዚያ ሰሞን ነው። የጎረቤት ልብስ እያጠበች ነበር የምትኖረው፤ ማን እንደሆነች ያወቁ ደንበኞች ሲቀሩባት ማን እንደሆነች የማያውቁ ፍለጋ ራቅ ወዳለ ሠፈር ትሄዳለች።

በሁለተኛው ዓመት ስለዚሁ ነገር ፊልም ወጣ። የጋዜጠኞቹ ታሪክ ነው፤ እንዴት በር ለበር እንደዞሩ፣ እንዴት እንደተዛተባቸው፣ ዋና አዘጋጁ እንዴት ጠረጴዛ እየደበደበ «እናትመዋለን!» እንዳለ። ጋዜጠኛዋ ሁለት መግቢያ ወረቀት ላከችላት። «ብቻዬን አልችልም» ስላለች አብሬያት ሄድኩ። የከሰዓቱ ትርኢት ነበር። አንድ ታዋቂ ተዋናይት የእሷን ቦታ ይዛ ገንዳ ላይ ጎንበስ ስትል እማማ ሳሙና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እጇን አየኸው? በዚያ እጅ መሐረብም አልታጠበበትም» አለችኝ። ሳቅኩ። በዚያ ፊልም ውስጥ የሳቅኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

መጨረሻው ላይ እናትየዋ ልጇ ሥራ ቦታ ትሄዳለች። እሱ ጭምብሉን ያነሳል። ሙዚቃ ይጀምራል። «እማዬ» ይላታል፤ ይተቃቀፋሉ፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ። አዳራሹ ሁሉ አለቀሰ። አጠገቧ የተቀመጠች ወጣት እማማ ሳሙናን ለቅሶ የያዛት መስሏት ሶፍት ሰጠቻት። እሷ ግን አላለቀሰችም። ሸራውን አፍጥጣ ታየው ነበር፣ አንድ ሰው የረሳችውን ነገር ነግሯት እውነት መሆኑን ለማስታወስ እንደምትሞክር ሁሉ።

መብራት በርቶ ስንወጣ ደረጃው ላይ ልጇን አገኘነው። ሚስቱ ክንዱን ይዛለች፤ ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ ከፊታቸው ደረጃውን እየዘለለች ትወርዳለች። ፊት ለፊት ተጋጠምን። ልጅቷ ትልቅ ሰው ስታይ እንደተማረችው ጎንበስ ብላ ሰላም አለች፤ ከዚያ ማንም እንዳልመለሰላት አይታ ወደ አባቷ ቀና አለች።

«አባዬ፣ ማን ናቸው?»

«ድሮ እኔ ያደግኩበት ቤት ልብስ ያጥቡ የነበሩ ሴት ናቸው» አላት።

እማማ ሳሙና የደረጃውን ብረት ያዘች። «አዎ» አለች ለልጅቷ። «አጥብ ነበር።»

እሱም በትሕትና ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «ደህና ይዋሉ» አላትና ልጁን እየመራ ወረደ። አንቺና አንተ ተባብለው የኖሩ እናትና ልጅ ናቸው። በብየዳው ቤት እንኳ፣ ሲያባርራት እንኳ፣ አንቺ ነው ያላት። አውቶቡስ ውስጥ ሠፈራችን ልንደርስ ስንል፣ «እርስዎ አለኝ እኮ» አለችኝ። «ሰማኸው? እርስዎ አለኝ።» 

ከፊልሙ በኋላ አንዳንድ ሰዎች ወደ ክፍሏ ይመጡ ጀመር። የትልቁ ግቢ የድሮ ልጆች ናቸው፤ ራሰ በራ የሆኑ፣ ቦርጭ ያወጡ ወንዶች። ይቅርታ ሊያደርጉላት አልመጡም፤ የመጡት ሊጠይቋት ነው። አንዱ የታክሲ ሾፌር ነበር። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሚስቴ ቅዠት ነው ትለኛለች፤ እኔም አንዳንዴ ቅዠት ይመስለኛል። እርስዎ አንሶላዬን ያስታውሳሉ?» አላት። ቁጥሩን ነገራት። እሷም የትኛው ዓመት እንደጀመረ፣ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚቋጥረው አንድ በአንድ ነገረችው። «ቅዠት አይደለም፣ ልጄ። እኔ ነኝ ያጠብኩት።» ሰውየው ግንቡን ተደግፎ አለቀሰ፤ ሳያመሰግናት ሄደ። ሌላው መጥቶ የጠየቀውን ከሰማ በኋላ፣ «ታዲያ ይህን ሁሉ እያየሽ ትስቂ ነበር፣ አስታውሳለሁ፣ ትዘፍኚም ነበር» አላትና ፊቷ ላይ ተፋ። ጠረገችው። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው ሲያንኳኳም ከፈተች። እኔ «ተይ፣ አትክፈቺ» ብያት ነበር። «ዘግቼ አይቼዋለሁ» አለችኝ።

ልጇ አንድ ቀንም አልመጣም።

በአራተኛው ዓመት፣ በብርዱ ወቅት፣ ሳንባዋ ታመመ፤ በረኪናው ነው አሉ ሐኪሞቹ፣ ሠላሳ ዓመት የተነፈሰችው። ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ቆየች። በስምንተኛው ቀን ጋዜጠኛዋ መጥታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ለልጅዎ ልደውልለት ወይ ብላ ጠየቀቻት፤ «ከሞትኩ በኋላ ደውዪለት፣ አሁን ከደወልሽ መምጣት ያለበት ይመስለዋል» አለቻት።

በማግስቱ ጠዋት ሞተች። ጋዜጠኛዋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ደወለችለት፤ እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ከስልኩ ውስጥ ብረት የሚቆርጥ ማሽን ይጮሃል።

«እናትህ አርፋለች» አለችው።

ማሽኑ አልቆመም። «እሺ» አለ፤ ዘጋው።

ቀብሩ ላይ ስድስት ሰዎች ነበርን። አከራይዋ ክፍሏን በሳምንቱ ቀለም አስቀብታ ለሁለት ተማሪዎች አከራየችው።